ሠርጋችንን ኤምፒዎች ጠበቁት፤ ገንዘቡ ይገባቸዋል ወይ?

ጥር ላይ ደብረ ብርሃን ሠርግ ያለበት ሰው ጭንቀቱ ምግብ አይደለም። ምግቡን እናቶች ይችሉታል። ጭንቀቱ ሰዉ ነው። የተጠራው ይመጣል፤ ያልተጠራው ቀድሞ ይመጣል። የሰፈር ጎረምሳ በር ላይ ይኮለኮላል፣ ሚኒባሱ መንገድ ዘግቶ ይቆማል፣ ባጃጁ በመሀል ይሽሎኮሎካል፣ ወደ ማታ ደግሞ አረቄው ሥራውን ሲጀምር የሙሽራው ወገንና የሙሽሪት ወገን በዘፈን የጀመሩት መወራረፍ ወደ ሌላ ነገር እንዳይዞር ሁሉም ይሳቀቃል። በእህቴ ሠርግ ይህን ጣጣ በሙሉ ለሌሎች አስረክበን ተገላገልን። ስለነሱ ነው የምጽፈው፤ «እንዴት ናቸው?» እያለ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ።

ሰዎቹ ጡረታ የወጡ ወታደሮች ናቸው። ተሰባስበው በሠርግ፣ በተዝካርና በምረቃ ላይ ሥነ ሥርዓት ያስከብራሉ። አብዛኞቹ በሠራዊቱ ውስጥ ወታደራዊ ፖሊስ ነበሩ፤ ኤምፒ የምንላቸው ማለት ነው። ቢሮ የላቸውም፣ ማስታወቂያም አይለጥፉም። ስልካቸው የሚገኘው ዕቃና ድንኳን ከሚያከራዩ ሰዎች ነው። አለቃቸውን ሁሉም «ሻምበል» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው ልበላቸው።

ሐሳቡን ሳመጣ አክስቴ አልወደደችውም። «ዱላ ይዘው ሊመጡ ነው?» አለች። አይፈረድባትም። ብዙ ሰው ኤምፒ ሲባል ትዝ የሚለው የፈቃድ ወረቀት ያልያዘ ወታደር ከአረቄ ቤት አንጠልጥሎ የሚያወጣ ሰው ነው። እኔ ግን ታሪክ አስተምራለሁና የኤምፒ ዋና ሥራ ጥፊ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። (ከዚህ በታች ወሬዬ ትንሽ ከረዘመ ቻሉኝ፤ የሥራ ጠባይ ነው።)

ሻምበል ከሠርጉ ቀደም ብለው ቦታውን ሊያዩ መጡ። ገና ቡና ሳይቀርብላቸው ተነሡና ወጡ። ስንት ሰው እንደሚመጣ አልጠየቁም፤ ማን ከማን ጋር ቂም እንዳለውም አልጠየቁም። የጠየቁት ስለ መኪና ነው። በየት ይገባል? በየት ይወጣል? አውቶቡስ ይዞራል? ቤታችን ከአዲስ አበባ ደሴ አውራ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ሲኖትራኩ፣ ቦቴው፣ አገር አቋራጩ ሁሉ በዚያ በኩል ነው ወደ ጣርማ በር የሚሄደው። ከጎዳናው ወደኛ የሚያስገቡ ሁለት የኮብልስቶን መንገዶች አሉ፤ ሁለቱም ጠባብ ናቸው። ሻምበል አንደኛውን በእርምጃ ለኩ። ከዚያ ሌላኛውን። ተመልሰው መጥተው «ይሄ መግቢያ፣ ያኛው መውጫ። ሙሽራም ቢሆን በመውጫው አይገባም» አሉ። አባቴ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

እኔ ደግሞ ትዝ ያለኝ የኖርማንዲው ጉዳይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖቹ ፈረንሳይ ገብተው ጀርመን ሲያፈገፍግ እየተከተሉ ሄዱ ሄዱና ነዳጅና ጥይት ከኋላ አልደርስላቸው አለ። የባቡር ሐዲዱን አስቀድመው ራሳቸው በቦምብ ከጥቅም ውጪ አድርገውታል። ስለዚህ ከኦገስት 25 እስከ ኖቬምበር 16 ቀን 1944 እ.ኤ.አ. ድረስ «ሬድ ቦል ኤክስፕረስ» የሚባል የጭነት መኪና መስመር ዘረጉ። አንዱ መንገድ ለሚሄድ፣ ሌላው ለሚመለስ። ሰላማዊ ሰው መኪናውን በዚያ አያስገባም። ሾፌሮቹ በብዛት ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። በጣም በደራበት ጊዜ ወደ 6,000 የሚጠጉ መኪኖች በቀን 12,500 ቶን ገደማ ያመላልሱ ነበር። ይህ ሁሉ መኪና እርስ በርሱ እንዳይበላላ በየመስቀለኛው ቆሞ የሚያሳልፈው ማን ነበር? ኤምፒው። ማንንም አላሰረም፤ እጁን ዘርግቶ ነው የዋለው። ጄኔራሎቹ በታሪክ መጽሐፍ ሙሉ ገጽ ሲይዙ እሱ አንድ መስመር ካገኘ ዕድለኛ ነው።

በሠርጉ ዕለት ጧት፣ ያ የደብረ ብርሃን ብርድ ጆሮ እየቆረጠ፣ መጡ። ሁሉም ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፣ ክንዳቸው ላይ ነጭ ጨርቅ አስረዋል። ዱላ የለም። አክስቴ በመስኮት አይታ አረጋገጠች።

መገንጠያው ላይ የቆሙትን ሰውዬ ልንገራችሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ነጭ ጓንት ያደረጉ። አውራ ጎዳናው ላይ መኪና ማስቆም የትራፊክ ፖሊስ ሥራ ስለሆነ ከአስፋልቱ ጠርዝ አንድ እርምጃ አላለፉም። ወደኛ የሚታጠፈውን ብቻ ነው የሚይዙት። አጠገባቸው ቆሜ ለጥቂት ጊዜ አየኋቸው። መኪና ሲመጣ አይጮኹም፣ ፊሽካም ብዙ አይነፉም። መጀመሪያ የሾፌሩን ዓይን ይፈልጋሉ። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ መዳፋቸው ቀስ ብሎ ይዘረጋል፣ ሾፌሩ ያቆማል፣ ከዚያ ሌላኛው እጃቸው በክርናቸው ብቻ ታጥፎ ይጠራል። አንዱ የሚኒባስ ልጅ «ሙሽራ ነው የጫንኩት!» ብሎ በመውጫው ሊገባ ሞከረ። ሙሽራው ገና አልደረሰም ነበር። ሰውዬው አልተከራከሩትም፤ እዚያው ቆመው እጃቸውን ወደ መግቢያው ዘርግተው ጠበቁት። ልጁ ራሱ አፈረና ዞረ።

ቀኑን ሙሉ መንገዱ አልተዘጋም። ሠርግ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላ ያልጠበቅነው ነገር ፈረስ ነበር። ከገጠር የሚመጡት የአባቴ ዘመዶች ጥቂቶቹ በፈረስ ነው የመጡት፤ ወደኛ አካባቢ ፈረስ ዛሬም ክብር ነው። ማን አስቦበታል? ሻምበል አስበውበታል። ከቤቱ ጀርባ ካለው ሜዳ ገመድ አስወጥረው፣ አንድ ሰው አቁመው፣ ፈረሱ ከነኮርቻው ይያዛል፣ ባለቤቱ ሲመለስ ያገኘዋል። ይህንንም ከታሪኩ ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ የዚህ ሥራ መጀመሪያው ፈረስ ላይ ነውና። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጊዜ በ1778 እ.ኤ.አ. በቮን ሂር የሚመራ የፈረሰኛ ጓድ ተቋቁሞ ነበር፤ የሚከዳውን፣ የሚሰክረውን፣ ከሰልፍ ወደኋላ የሚንጠባጠበውን እየለቀመ ይመልሳል፣ ጦሩን እየተከተሉ መጠጥና ቁሳቁስ የሚሸጡትንም ነጋዴዎች ይቆጣጠራል። ጦርነቱ ሲያልቅ ተበተነ። የአሜሪካ ወታደራዊ ፖሊስ ቋሚ ኮር ሆኖ የተመሠረተው በሴፕቴምበር 26 ቀን 1941 እ.ኤ.አ. ነው። እንግሊዞችም ቢሆኑ በ1877 እ.ኤ.አ. ፈረሰኛውን፣ በ1885 እግረኛውን አቋቁመው በ1926 ሁለቱን አንድ አደረጓቸው። ቀይ ቆባቸው ነው መታወቂያቸው።

የኛስ? ምሳ ላይ ሽማግሌዎቹ ሻምበልን መሀል አስቀምጠው የጀመሩት ይህንኑ ወሬ ነበር። በጥንቱ የሸዋ ሠራዊት ኤምፒ የሚባል ክፍል አልነበረም። ሥርዓት ግን ነበረ። ጦሩ የትም ይስፈር የት ድንኳኑ የሚተከለው በአንድ ዓይነት መልክ ነው። የንጉሡ ድንኳን መሀል፣ ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኛዝማቹ በቀኝ፣ ግራዝማቹ በግራ። ጨለማ ውስጥ የደረሰ ወታደር እንኳ ቦታውን አይስትም። ሻምበል ይህን ሲሰሙ ሻይ የያዘው እጃቸው ቆመ። «ይህማ የእኔን ግማሽ ሥራ ጨረሰው» አሉ።

ክፉው ነገር ከጦር ሰፈሩ ውጪ ነበር። ደመወዝ የሌለው ወታደር በገበሬ ቤት እየተመራ ያርፋል፣ ገበሬው ያለውን ያበላዋል፣ አልጋውን ይለቅለታል፣ ሚስቱ ስትፈጭለት ታድራለች። የሚቆጣጠረው ማነው? አለቃው ራሱ የሚበላው ከዚያው ነው። ከክፉ ቀን በኋላ ምኒልክ አሥራት የጣሉት፣ እህሉ በጎተራ ገብቶ ወታደሩ ከዚያ እንዲቀለብና ከገበሬው ቤት እንዲወጣ ታስቦ ነው፤ ጊዜውም በ1892 እ.ኤ.አ. ነበር። በተግባር ገበሬው አሥራቱንም ከፈለ፣ ወታደሩም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀውም። ለእኔ ወታደራዊ ፖሊስ ለምን አስፈለገ ለሚል ተማሪ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። በፈረንሳይም መነሻው ይኸው ነው። የማርሻሉ ሰዎች፣ ማሬሾሴ የሚባሉት፣ መጀመሪያ የተመደቡት የራሳቸው ወታደር ገበሬውን እንዳይዘርፍ ለመጠበቅ ነበር። አብዮቱ መጥቶ በ1791 እ.ኤ.አ. ስማቸውን ዣንዳርመሪ እስኪያደርገው ድረስ በፈረስ አገሩን ሲያካልሉ ኖሩ።

ሽማግሌዎቹ ካራቢኔሪንም አነሡ፤ ሊያልፉት አይችሉም። በ1814 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ የተቋቋመ ነው፤ ለጣሊያን ጦር ወታደራዊ ፖሊስም፣ ለሕዝቡ ፖሊስም ሆኖ ይሠራል። ወረራው ሲመጣ ወደኛም አብሮ መጣ፤ ከቅኝ ግዛቶቹ የተመለመሉ ዛፕቲዬ የሚባሉ ረዳቶችም ነበሩት። ፖሊስነቱ ለማን እንደነበር በሸዋ አይጠየቅም። በ1937 እ.ኤ.አ. ደብረ ሊባኖስ ላይ መነኮሳቱን ያስፈጀው የግራዚያኒ ትእዛዝ ነው፤ እጁ ደግሞ የጄኔራል ማሌቲ ጦር። በሌላ ወገን ከአዲስ አበባ ፖሊስ ኃላፊነት ተነሥተው ወደዚህ አገር ዱር የገቡት አበበ አረጋይ አምስቱን ዓመት ጣሊያንን እንቅልፍ ነሡት። አንዱ ሽማግሌ፣ እናታቸው የነገሯቸውን እየጠቀሱ፣ ምሳው ቀዝቅዞ እስኪረሳ ድረስ አወሩ። እኔም ዶሮ ወጤን ትቼ ሰማሁ።

አሁን ወደ ግምገማው። ጥሩ ጥሩውን ብቻ ብናገር ሚዛን አይሆንም።

አንደኛ ቅሬታዬ በሩ ላይ ነው። በር ላይ ያቆሙት ወጣት ሰው (እሱ ኤምፒ አልነበረም፣ ኋላ ነው የሰማሁት) የመጥሪያ ካርድ እየጠየቀ ያስገባ ነበር። ጎረምሳውን ይጠይቅ፣ ደግ። የእድራችንን ዳኛ ግን አስቆማቸው።

«አባቴ፣ ካርድ ይዘዋል?»

«ልጄ፣ የምትቆምበትን ድንኳን የላክሁት እኔ ነኝ።»

ጋሼ ተቀይመው ሊመለሱ ሲሉ አባቴ ሮጦ ደረሰ። ሻምበልም መጥተው ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቅርታ ጠየቁ፤ ልጁን ወደ ፈረሶቹ ላኩት። ጥሩ አደረጉ። ግን በሰሜን ሸዋ ሠርግ በር ላይ ከሰፈሩ አንድ የሚያውቅ ሰው አብሮ መቆም አለበት፤ ይህን አስቀድመው ሊጠይቁን ይገባ ነበር። እናንተ ከቀጠራችኋቸው ይህንን ቅድመ ሁኔታ አድርጉት።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከበድ ይላል። አመሻሽ ላይ አንድ ልጅ፣ የሙሽራው ወገን ነው፣ ጠጥቶ ብርጭቆ ወረወረ። ማንንም አልመታም። ሁለቱ ሰዎች ግራና ቀኝ ያዙትና፣ ሳይገፉት ሳይጎትቱት፣ እያዋሩት ወሰዱት። እስከዚህ ድረስ ድንቅ። ከዚያ ግን ዕቃ ቤት አስገቡትና በሩን ከውጭ ዘጉት። ቤተሰቡ ሳይነገረው ቆየ፤ እናቱ ልጇን ፍለጋ ድንኳኑን ስትዞር ነው እኔ የሰማሁት።

ይህ ልክ አይደለም። ሻምበልንም ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። በሥራ ላይ ያለ ኤምፒ እንኳ ይይዛል፣ ይመረምራል፣ መዝገብ ያደራጃል እንጂ አይፈርድም። በኛ ሠራዊት የሚፈርደው ወታደራዊ ፍርድ ቤት ነው፤ ቀዳሚና ይግባኝ ሰሚ ተብሎ በሁለት ደረጃ የተዋቀረ። ጡረተኛው ደግሞ እንደኔው ተራ ሰው ነው። ተራ ሰው ወንጀል ሲፈጸም እጅ ከፍንጅ ቢይዝ ሕጉ በተወሰነ ደረጃ ይፈቅድለታል፤ የያዘውን ሰው ግን ለፖሊስ ማስረከብ አለበት፣ ዕቃ ቤት መቆለፍ የለበትም። ፖሊሱ ራሱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲያቀርብ ይገደዳል።

አጋነንክ የሚለኝ ይኖራል። አላጋነንኩም። የዚህ ሙያ ትልቁ ውርደት የመጣው ከተዘጋ በር ጀርባ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. እስረኞችን ሲያሰቃዩ የተነሡት ፎቶግራፍ ዓለምን የዞረው የኢራቁ አቡ ግሬብ እስር ቤት ጠባቂዎች የአሜሪካ ጦር ኤምፒዎች ነበሩ። እስረኛ ለመጠበቅ በቂ ሥልጠና እንዳልተሰጣቸው የራሱ የሠራዊቱ ምርመራ ጽፎታል። ምርኮኛን በክብር መያዝ የጄኔቫው ሦስተኛ ስምምነት ከ1949 ጀምሮ ያስገድዳል፤ ምርኮኛው ሲጠየቅ መናገር ያለበትም ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የልደት ቀኑንና መለያ ቁጥሩን ብቻ ነው። ሠርግ ላይ የሰከረ ልጅ ምርኮኛ አይደለም፣ ግን በሩን የሚዘጋው እጅ ያው እጅ ነው።

ሻምበል ሲሰሙኝ አልተቆጡም። ከደረት ኪሳቸው ደብተራቸውን አወጡ። ደብተሩን ማየት አለባችሁ። በሰዓት በሰዓት ተጽፏል፦ አንድ ሞባይል ተገኘ፣ ለማን ተሰጠ፣ ከነፊርማው። የጠፋች ሕፃን፣ ቀይ ሹራብ፣ ለአያቷ ተሰጠች። ጥቁር የሕፃን ጫማ፣ አንድ እግር፣ ባለቤት ያልመጣ። ልጁም ተጽፏል፤ ስንት ሰዓት ገባ፣ ማን አስገባው፣ ውሃ ተሰጥቶታል፣ ብርድ ልብስ ተሰጥቶታል። የተደበቀ ነገር የለም። «ለቤተሰብ ተነገረ» የሚለው ነው የጎደለው። እሳቸውም ያንን አይተው በሩን ራሳቸው ከፍተው ልጁን ለእናቱ አስረከቡ፤ ጻፉትም። ከዚያ ወዲህ ሰካራም ካጋጠማቸው አጠገቡ ሰው አስቀምጠው ለዘመዱ ያስረክባሉ እንጂ እንደማይቆልፉ ነግረውኛል። የጎረቤታችን ተዝካር ላይ እንደዚያው ሲያደርጉ አይቻለሁ።

የጠፋ ልጅና የጠፋ ዕቃ ጉዳይ ላይ ግን እንከን አይወጣላቸውም። ከድንኳኑ መግቢያ አጠገብ አንዲት ጠረጴዛ አስቀምጠው ነበር። መጀመሪያ ምን እንደምትሠራ ማንም አልገባውም፤ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ወደሷ ነው የሚሄደው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከግንባር ጀርባ ኤምፒዎች እንደዚህ ዓይነት ጣቢያ ነበራቸው፤ ከክፍሉ የተነጠለ ወታደር እዚያ ይደርሳል፣ ተጠይቆ፣ ቁስለኛው ወደ ሐኪም፣ ጤነኛው ወደ ክፍሉ ይላካል። የኛዋ ጠረጴዛ የላከችው በብዛት ሽንት ቤት የጠፋባቸውን ነው።

ዋጋ። በሰው ነው የሚያስከፍሉት፤ ከተራ ጥበቃ ይወደዳሉ፣ የሙዚቃ ባንድ ከምትከፍሉት ግን በብዙ ያንሳል። ግማሹ ቅድሚያ፣ ግማሹ ሥራው ሲያልቅ። ደረሰኝ አይሰጡም፤ በደብተሩ ላይ ትፈርማላችሁ። ይህ ለድርጅት ዝግጅት ችግር ይሆናል፣ ለሠርግ ግን ማንም አይጠይቃችሁም። ምግብ በየተራ ነው የሚበሉት፤ ለብቻ አዘጋጁላቸው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው የሚመጡት። አልኮል እንግዳው ወጥቶ እስኪያልቅ አይቀምሱም። አባቴ አረቄ ይዞ ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ ተመልሷል።

ብርዱን አስቡበት። መገንጠያው ላይ የሚቆሙት ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ትኩስ ሻይ በፔርሙስ ላኩላቸው፣ ከሰል ቢገኝም ጥሩ ነው። ለጥር ከፈለጋችኋቸው ደግሞ ገና ሳይደርስ ደውሉ፤ ከጥምቀት በኋላ ያለው ቅዳሜና እሑድ ቶሎ ነው የሚያዝባቸው። ሻምበልን ስታገኟቸው መንገዱን መጀመሪያ አሳዩአቸው፤ ቡናው በኋላ ይደርሳል።